የዘቢብ ጽዋ በዱራ አገር

በሱዳን በገዳሪፍ ገበያ፣ የዱራና የሰሊጥ ጆንያ እንደ አምባ ከተከመረበት ሜዳ ፈንጠር ብሎ፣ ቅመማ ቅመምና ደረቅ ፍሬ በሚሸጥባቸው ሱቆች ውስጥ፣ አንዱ ሸቀጥ ለሁለት ሃይማኖት ይመዘናል። ስሙ በዐረቡም በእኛም ቋንቋ ዘቢብ ነው። እስላሙ ጎረቤት ለጣፋጩና ለዒዱ ማዕድ ይሸምተዋል፤ ከኢትዮጵያ የተሰደደው ዲያቆን ደግሞ በመንበሩ ላይ በጸሎተ ቅዳሴ ተለውጦ ደመ ክርስቶስ ይሆን ዘንድ ይሸምተዋል። ሚዛን የያዘው ነጋዴ ግን የሁለቱን ገንዘብ በአንድ ሣጥን ይከታል። ወይን ጠጅ ለእስላሙ በሕግ በታገደበት ምድር ይህን መመልከት በመጀመሪያ ፈገግ ያሰኛል፤ ቆይቶ ግን ከባድ ጥያቄ ያመጣል፤ መጠጥን ቅዱስ ወይም ርኩስ የሚያደርገው ባሕርዩ ነውን፣ ሕጉ ነውን፣ ወይስ ጠማቂው ከጠጪው ጋር ያለው ዝምድና?

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የቁርባኑ ወይን ከቅዳሴው በፊት በቤተ ልሔም ይዘጋጃል፤ ዘቢቡ ተለቅሞና ታጥቦ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ከለሰለሰ በኋላ ተጨምቆ ይጣራል፣ ጭማቂውም ወደ ጽዋው ይገባል። የሌላው ዓለም ወይን ጠማቂ ዓመታት በበርሜል አኑሮ ዕድሜውን የሚያከብረውን ነገር የእኛ ዲያቆን በአንድ ማለዳ ፈጽሞ በዚያው ማለዳ ያሳልፈዋል። ይህ ልማድ ከፍልስፍና ይልቅ ከችግር የተወለደ ሳይሆን አይቀርም፤ በደጋው ወይን የሚተከልባቸው ስፍራዎች ባይጠፉም፣ ከጣና በስተምሥራቅ ያለችው ይፋግም በድሮ ተጓዦች ዘንድ በወይኗ የታወቀች ብትሆንም፣ የአገሩን አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ዓመቱን ሙሉ የሚያዳርስ የወይን ቦታ አልነበረምና። ደረቁ ፍሬ ግን በአህያና በግመል ጀርባ ሩቅ ይሄዳል፣ ቶሎም አይበላሽም። ችግር ባመጣው ልማድ ላይ ኋላ ምሥጢር ሲያድርበት ማየት ለሃይማኖት ሰው እንግዳ አይደለም፤ ደርቆ የተጨማደደው ፍሬ ውኃ ሲነካው መልሶ ደም መስሎ ሲፈስ እያየ ትንሣኤ ሙታንን የማያስብ ምእመን ቢኖር፣ ልቡ ከዘቢቡ ይልቅ ደርቋል ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የማር ነገር ነው። በአገራችን ከጠጅ የከበረ መጠጥ አልነበረም፤ ነገሥታቱ ግብር ሲያበሉ በጠጅ ነበር፣ ሙሽራም የሚዳረው፣ ሹመትም የሚመረቀው በጠጅ ነው። በየመንደሩ የማሩን ልክ፣ የጌሾውን መጠን፣ የጥንስሱን ቀን እናት ለልጇ በአፍ እንጂ በጽሕፈት ሳታወርሰው እስከ ዛሬ ደርሷል። እንዲህ የተከበረው ጠጅ ግን ወደ መንበሩ አይቀርብም። በሲኖዶስ መጽሐፍ የገባው የሐዋርያት ቀኖና በወይን ፈንታ ማርን ወይም ሌላ የሚያሰክር መጠጥን በመሠዊያው ላይ ያቀረበውን ካህን ከሹመቱ ይሽራል። ስለዚህ ሊቃውንቱ በደጃቸው የነበረውን ምርጥ ማር ትተው፣ ከሩቅ አገር በነጋዴ እጅ የሚመጣውን ደረቅ ፍሬ መረጡ። በእስላሙም ወገን ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ኢማም አቡ ሐኒፋ በስሙ ኸምር ተብሎ ፈጽሞ የተከለከለው ከወይን ፍሬ የሚወጣው ነው ብለው፣ ከማርና ከእህል የሚጠመቀውን ግን ስካር እስካላደረሰ ድረስ ለይተው አይተውታል፤ ሱዳን አብዝቶ የሚከተለው የማሊኪ መዝሀብ ግን የሚያሰክረውን ሁሉ በአንድነት ኸምር ይለዋል። አንዱ ሕግ ሊያከብረው፣ ሌላው ሊያወግዘው፣ ሁለቱም ወይንን ከማር ነጥለው አቆሙት። ከዚህ የምረዳው፣ አንድ መጠጥ ከሌላው ይልቅ መልካም ስለሆነ ብቻ ወደ መቅደስ አለመግባቱን ነው፤ ጌታ በምሴተ ሐሙስ በእጁ የያዘውን ስለያዝን እንጂ የጣፈጠንን ስለ መረጥን አይደለም።

በዚህ ምድር ክልከላው በየዘመኑ በብርቱ እጅ ተፈጽሟል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበት የመተማ ጦርነት ላይ የተሰለፈው ደርቡሽ፣ መጠጥንና ትምባሆን አጥብቆ የከለከለው የማህዲ ተከታይ ነበር። መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በመስከረም 1983፣ ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ የሸሪዓን ሕግ ሲያውጁ በካርቱም የነበረው መጠጥ ወደ ዓባይ ተደፋ፤ በይፋግ ወይን አጠገብ ካለው ከጣና የወጣው ወንዝ የዓለሙን ሁሉ ወይንና ዐረቄ እንዲያ ሲጠጣ ምን እንዳሰበ ማን ያውቃል። በዚያው አቆጣጠር በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ ለጠጪው እስላም 40 ጅራፍ ደነገገ፤ በኦምዱርማን የሴቶች ወህኒ ቤት ከታሰሩት ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ለማሳደር ዐረቄ ያወጡና የሸጡ ድኾች ሴቶች ነበሩ። በሐምሌ 2020 የሽግግሩ መንግሥት እስላም ላልሆኑት መጠጥን በግል ፈቀደ። በዚህ ሁሉ መካከል ዘቢብን የነካ ሕግ አልነበረም፤ የዲያቆኑ ዕቃ ከየትኛውም ፍተሻ ንጹሕ ሆኖ ያልፋልና።

የጠማቂዋ ዕቃ ግን አያልፍም፤ ጥያቄውም እዚህ ላይ ይከብዳል። በፈረንጆች በ1984 በረኃብ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን፣ ከእነርሱም መካከል ኋላ ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን፣ ብዙ ሰው የቀበሩበት የኡም ራኩባ ሰፈር፣ በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት በድንበሩ በሐምዳይት በኩል የተሻገሩትን ለመቀበል ዳግመኛ ተከፈተ። በዚህ ዓይነት ሰፈር ወይም በገዳሪፍ ከተማ ዳር የምትኖር አንዲት እናት እናስብ፤ በአገሯ ለበዓል ብቻ ትጠምቅ የነበረች፣ አሁን ግን ከእጅ ሙያዋ በቀር አንዳች ያልቀረላት። ማሽላ በእርግጥ ሞልቷል፣ ዱራ የአገሩ እህል ነውና፤ ጌሾው ግን የደጋ ተክል ስለሆነ ከድንበሩ ማዶ መምጣት አለበት። አሻሮውን ትቆላለች፣ ብቅሉን ታበቅላለች፣ ድፍድፉን ትደፈድፋለች፤ በመጨረሻም የሰሊጡን ማሳ ሲያርም የዋለው የጉልበት ሠራተኛ የቀን ዋጋውን ይዞ ደጃፏ ይመጣል። በአገሯ እንግዳ ይባል የነበረው ሰው እዚህ ደንበኛ ሆኗል።

እንግዳና ደንበኛ አንድ ዓይነት ጠላ ይጠጣሉ፤ ነገር ግን እንግዳው በቃኝ ሲል ባለቤቷ «በሞቴ» ብላ ትጨምርለታለች፣ ትርፏም ምስጋናው ብቻ ነው። ደንበኛው በቃኝ ሲል ግን ለልጆቿ ዳቦ የምትገዛበት ገንዘብ ያንሳል። በእኔ አሳብ የመጠጥ ንግድ ኃጢአት፣ ኃጢአት አለው ከተባለ፣ ከጋኑ ውስጥ ሳይሆን ከዚህ ላይ ነው፤ የሻጩ ኑሮ በጠጪው መዘንጋት ላይ የቆመ እንደ ሆነ። ንግዱ ባደገ መጠን ይህ ሐቅ እየተሸፈነ ይሄዳል፤ በዝዋይ ዳር እንደ ተተከለውና በፈረንጆች በ2014 ወይኑን ለገበያ እንዳወጣው የካስቴል ፋብሪካ ባለ ትልቅ ድርጅት ጠማቂውና ጠጪው ዓይን ለዓይን አይተያዩም፣ ስለዚህም አንዱ የሌላውን ስካር አያይም። ትንሿ ቤት ግን ታያለች። ቅዱስ መጽሐፍ የመጀመሪያውን የወይን ተካይ ኖኅን ሲያነሣ ወይኑን አልነቀፈም፤ የነገረን በገዛ ድንኳኑ ውስጥ መስከሩንና ከልጆቹ አንዱ ያየውን ነው፤ የቤተ ሰብ መጠጥ ጥፋቱም ቤተ ሰብ ፊት ነውና። ናቡቴም የወይን ቦታውን ለንጉሥ አክዓብ አልሸጥም ሲል ዋጋ አንሶት አልነበረም፤ የአባቶቹ ርስት ከገበያ ውጭ መሆኑን ሲናገር ነው፣ ለዚህም ቃሉ ሕይወቱን ከፈለ። ያቺ እናት ግን ርስቱም የለ፣ ገበያውም በግድ ነው፤ ናቡቴን በእርሷ ላይ መጥቀስ ግፍ ይሆናል።

እርሷን የሚያድናት፣ ወይም ለእኔ የሚያድናት መስሎ የታየኝ፣ ጽዋ ማኅበር ነው። በአንድ ቅዱስ ስም የተሰበሰቡ ምእመናን በየወሩ በተራ የሚያወጡት ዝክር ጽዋ መባሉ በዘፈቀደ አይደለም፤ የመንበሩን ጽዋ ስም የቤቱ ጠላ ተውሶ ይጠራበታል፣ ካህኑም ዳቦውንና ጠላውን ይባርካል። ለቀኖናው ጥንቃቄ ሲባል ከመቅደሱ ውጭ የቀረው ማርና እህል በዚህ በኩል ተመልሶ በረከት ያገኛል። ተራው የደረሰው ሰው ጽዋውን ይቀበላል፣ በወሩም ጠምቆ ያቀርባል፤ የሚሸጥ ነገር የለውም፣ የሚቆጠር ትርፍም የለውም፣ ማኅበሩ ቢያድግ እንኳ ጠማቂው አይከብርም፣ ድግሱ እንጂ ይሰፋል። ስደተኛ በሄደበት አገር ሁሉ ቤት ሳይሠራ ማኅበር ያቋቁማል።

ተራዋ በደረሰ ጊዜ ያቺ እናት ለሽያጭ የጠመቀችውን ከጋኑ ቀድታ ልታቀርብ ትችላለች፤ ጠላው ያው ጠላ ነው፣ ማንም ሊለየው አይችልም። ሴቶቹ ግን እንዲህ አያደርጉም፤ ለማኅበሩ የሚሆነውን እህል አስቀድመው ይለያሉ፣ በሌላ እንስራ ይጠነስሱታል፣ ገና ሳይጠለልም ከዚያ የሚቀዳ የለም። ደንበኛ በዚያ ቀን ቢመጣና ከዚያኛው ስጪኝ ቢላት «እሱ የማርያም ነው» ትለዋለች፤ ዋጋውንም አይጠይቃትም።