የመጠጥ ቤት ፈቃድና የጎረቤት እንቅልፍ

ፈቃድ የሚለውን ቃል ከግዕዝ የወረስነው ሲሆን መነሻው «ፈቀደ» ማለት ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው። ስለዚህ «የእግዚአብሔር ፈቃድ» ስንል እግዚአብሔር የወደደውን መናገራችን ነው፤ አንድ ሰው «በገዛ ፈቃዱ» ይህን አደረገ ስንልም ማንም ሳያስገድደው ወዶ አደረገው ማለታችን ነው። በዘመናችን ግን ይኸው ቃል ማኅተም ተመትቶበት፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በመስታወት ተከቶ ከግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ስም ሆኗል። እንግዲህ አንድ ሰው የመጠጥ ቤት ፈቃድ አወጣ ሲባል የሰማ አስተዋይ ሰው አንድ ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። በዚያ ወረቀት ላይ የተገለጸው ፈቃድ የማን ፈቃድ ነው? ባለቤቱ ቤቱን መክፈት ወድዷል፤ መንግሥትም ደንቡን አይቶ፣ ግብሩን አስቦ ወድዷል። ከግድግዳው ወዲያ ማዶ የሚተኛውን ሰው ግን ወደድህ ወይስ ጠላህ ብሎ የጠየቀው አለን?

ጥያቄው የፍልስፍና ብቻ ሆኖ እንዳይታይ ወደ አዳማ እንውሰደው። ከዋናው መንገድ ገባ ባሉት ሰፈሮች ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። አንድ መኖሪያ ቤት ይከራያል፤ አጥሩ ይፈርስና በመንገድ በኩል በር ይወጣለታል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ የፕላስቲክ ወንበርና የቢራ ሣጥን ከመኪና ይራገፋል። ሰፈርተኛው አዲሱ ጎረቤቱ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚረዳው ይህን ሣጥን ሲያይ ነው እንጂ አስቀድሞ የነገረው ሰው ኖሮ አይደለም። ስሙም ራሱ ያሳስታል። አባቶቻችን «ቡና ቤት» ብለው በጠሩት ቤት ቢራውና ኮኛኩ ከቡናው ይልቅ ይሸጥ ነበር። ዛሬ «ግሮሰሪ» የምንለውም በትውልድ አገሩ የአስቤዛ መሸጫ ሱቅ ማለት ሲሆን በእኛ ዘንድ ባንኮኒ ተደግፈው የሚጠጡበት ቤት ስም ሆኗል። ስሙን ይህን ያህል የምንለዋውጠው መጠጥ ቤት ብለን መጥራቱን ስለምናፍር ይመስለኛል፤ የምናፍርበትን ነገር ደግሞ በሚገባ ልናስተዳድረው አንችልም።

አዳማ የመንገድ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ እርሷም ከጣቢያዎቹ አንዷ ነበረች፤ ከጣቢያ ጋር ደግሞ እንግዳ ይመጣል፤ ከእንግዳ ጋር ምግብ ቤት፣ መጠጥ ቤትና አልቤርጎ ይመጣሉ። በዚያው ሐዲድ ላይ በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ የነበረውን የባቡር ቡፌ ብዙ መንገደኛ ያስታውሰዋል። ባቡሩ ሲዳከም የከባድ መኪናው ነጂ ተተካ። ወደ ጅቡቲ የሚወርደውም፣ ወደ አሰላና ወደ ባሌ የሚያልፈውም አዳማን ይረግጣል። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የፍጥነት መንገድ አዲስ አበባን ይበልጥ ስላቀረባት፣ ቅዳሜና እሑድ ለመዝናናት የሚወርደው ከተሜ ቁጥሩ ጨምሯል። ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ፣ መተሐራ ሁሉ በየልካቸው የዚህ ዕጣ ተካፋዮች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች መጠጥ ቤት የብዙ ሰው እንጀራ ነው፤ ይህን ዘንግቶ ስለ ጉዳዩ የሚናገር ሰው በባዶ ሜዳ ይሰብካል።

ነገር ግን የመንገድ ከተማ መጠጥ ቤትና የገጠር ጠላ ቤት አንድ አይደሉም፤ የነገሩም ሥር እዚህ ላይ ነው። በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ ጠላ የምትሸጥ ሴት ፈቃድ ከግድግዳዋ ላይ ባይኖራትም ያለ ጠባቂ አልነበረችም። ጠጪው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ሰክሮ ቢጮኽ ማልዶ ለውሃ የምትወጣው አክስቱ ትሰማዋለች፤ ቢሳደብ በማግሥቱ ከሽማግሌ ፊት ይቆማል። በአማርኛ ይህን ጠባቂ ይሉኝታ እንለዋለን። በአዳማ ዙሪያ ያለው የኦሮሞ ሕዝብ ደግሞ ከዚህ የሰፋና የጠለቀ ቃል አለው፤ ሳፉ ይለዋል። ሳፉ በሰውና በሰው፣ በታላቅና በታናሽ፣ በሰውና በፍጥረትም መካከል ሊጠበቅ የሚገባውን ክብርና ርቀት የሚያመለክት ነው። ድምፅህ እስከ የት ሊደርስ እንደሚገባው፣ በማን ደጅ ምን እንደማይደረግ የሚያስተምረው እርሱ ነው። ይህ ጠባቂ ደመወዝ አይከፈለውም፤ ሌሊትም አይተኛም።

ጠባቂው የሚሠራው ግን ሰው በሚተዋወቅበት ቦታ ብቻ ነው። ሌሊቱን አዳማ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ተሳቢውን አስነሥቶ ወደ አዋሽ የሚወርድ ነጂና ረዳቱ ማንን ይፈራሉ? ከአዲስ አበባ ለአንድ ቅዳሜ የመጣው ወጣት አጥሩ ሥር የሸናበትን ሰው ስም አያውቅም፤ ነገም አያገኘውም። ሰዎቹ ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም፤ በገዛ ሰፈራቸው ቢሆኑ እነርሱም በይሉኝታ አንገታቸውን ይደፉ ነበር። እንግዲህ ይሉኝታ በማይደርስበት ቦታ የእርሱን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። የንግድ ፈቃድ የሚባለው ወረቀት እውነተኛ ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ቦታ ይመስለኛል። ወረቀቱ የባለቤቱና የግብር ሰብሳቢው ውል ብቻ ከሆነ የይሉኝታን ወንበር ባዶ አስቀርቶታል።

በሌላ በኩል የባለቤቱን ነገር በቅን ልብ መስማት ይገባል። በእነዚህ ከተሞች ከመጠጥ ቤት ባለቤቶች መካከል ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ጥቂት አይደለችም፤ ያጠራቀመችውን በኪራይ፣ በማቀዝቀዣና በወንበር ላይ አፍስሳዋለች። ሰፈርተኛው «ሰፈራችን ረከሰ» ብሎ ሲነሣባት የሚያቀርበው ነገር ሁሉ ጉዳት አይደለም፤ ከፊሉ ንቀት ነው። ገንዘቡን ከፍሎ በጸጥታ የሚጠጣ ሰው ማየቴ አስቀየመኝ የሚል ጎረቤት የተነካበት መብት የለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነጻነት ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጉዳይ አንሥቶ ነበር። በእርሱ አስተሳሰብ፣ ሠራተኛው እንዳይጠጣ ተብሎ የመጠጥ ቤቶችን ቁጥር ማሳነስ ለአቅመ አዳም የደረሰን ሰው እንደ ሕፃን መቁጠር ነው። ነገር ግን ሻጩ ከስካር የሚያተርፍ ስለሆነ መንግሥት ጸባዩ ለተመሰከረለት ሰው ብቻ እንዲፈቅድ፣ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት እንዲወስን፣ ሁከት የሚደጋገምበትንም ቤት ፈቃዱን እንዲነሣው ይቀበላል። ሚል የጠጪውን ነጻነት ከሁከቱ ለይቶ ማየቱ ትክክል ነው። ያላሰበው ነገር ቢኖር ድምፅ ማጉያን ነው፤ በእርሱ ዘመን አንድ ቤት ሙሉ ሰካራም ሊያሰማ የማይችለውን ጩኸት ዛሬ በደጅ የቆመ አንድ ሣጥን ያሰማል።

ስለ ድምፅ ማጉያ ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። በመጠጥ ቤቱ ላይ አቤት ከምንለው መካከል በሠርጋችንና በጉባኤያችን ጊዜ የሰፈሩን ሕሙምና አራስ ሳናስብ ማጉያችንን ወደ መንገድ የምናዞር እንገኛለን። በሌሊት የማያስተኛ ድምፅ የተቀደሰም ቢሆን ያው አያስተኛም። መለኪያው ለሁሉም እኩል ሲሆን ነው አቤቱታችን ክብር የሚኖረው።

መለኪያውስ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1225ኛው ቁጥሩ ባለንብረት የሆነ ሰው በጎረቤቱ ላይ ሁከት እንዳያደርስ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስና ሽታ፣ ድምፅና ንቅናቄም እንዳይፈጥር ይከለክላል። «መልካም ጉርብትና» የሚለው መለኪያ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ መግባቱ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው። የአካባቢ ብክለት ደረጃዎችም በመኖሪያ ሰፈር ድምፅ ቀን ከ55 ዴሲቤል፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይወስናሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ከልክሏል።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ሕግ የሚነቃው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ጎረቤት ዴሲቤል መለኪያ በቤቱ የለውም። ክስ ልመሥርት ቢል ደግሞ ዕድርተኛውን፣ ምናልባትም የልጁን ክርስትና አባት ሊከስስ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብሎ ያደገ ሰው ይህን ከማድረግ ዝም ብሎ ማደሩን ይመርጣል፤ ዝምታውም እንደ ስምምነት ይቆጠርበታል። እንቅልፍ ያጣው ተማሪ በክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ መምህሩ ስንፍናውን ይመዘግባል እንጂ ከቤቱ ግድግዳ ማዶ ምን እንዳለ አያውቅም።

ስለዚህ ጥያቄው በሩ ከመከፈቱ በፊት መነሣት አለበት። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የፈቃድ ሕግ ወንጀልንና ሁከትን መከላከልን፣ የሕዝብ ደኅንነትን፣ የሕዝብን ሰላም ከመረበሽ መጠበቅንና ሕፃናትን ከጉዳት ማዳንን ዓላማዎቹ አድርጎ፣ ነዋሪው ከእነዚህ በአንዱ ላይ ተመሥርቶ አሳቡን እንዲያቀርብ በር ከፍቷል። እንዲህ ያለው ነገር ወደ እኛ ቢመጣ ምቀኛውና የንግድ ተፎካካሪው መሣሪያ ያደርጉታል፣ ፊርማ ለመስጠትም ጉቦ ይጠየቃል የሚል ይኖራል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ጎረቤቱ የሚጠየቀው «ትወዳለህ ወይ?» ተብሎ ከሆነ ነው ምቀኝነት የሚገባው። «በየትኛው ግድግዳ ትዋሰናለህ? መኝታህ በየት በኩል ነው? በቤትህ ሕመምተኛ አለ ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ዐይቶ የሚረጋገጥ ነገር ነው። ከዚያም የደጁ በር በየት እንዲሆን፣ መጸዳጃ ቤቱ ሳይሠራ እንዳይከፈት፣ ማጉያው ከውስጥ እንዲሆን፣ ሙዚቃው በስንት ሰዓት እንዲዘጋ ከፈቃዱ ላይ ይጻፋል። ባለቤቷም ካፒታሏን ከማፍሰሷ በፊት የሚፈለግባትን ታውቃለች፤ ዛሬ እንደምናየው ከከፈተች በኋላ በየሳምንቱ በሚመጣ ወቀሳ አትሰቃይም።

ይህ ለሕዝባችን ባዕድ አሠራር አይደለም። ለቅሶ በተጣለ ቀን በየሰፈሩ የሚሆነውን ያየ ሰው ይህን ያውቃል። የዕድር ድንኳን በተተከለበት ደጅ አጠገብ ያለው መጠጥ ቤት ሙዚቃውን ይዘጋል፤ ማንም ደብዳቤ አልጻፈለትም። ባለቤቷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ንፍሮ ይዛ ትመጣለች። እንግዲህ ለሙት ሦስት ቀን የሚደረገው ዝምታ፣ በማግሥቱ ፈተና ላለበት ልጅ ወይም ከወለደች ሳምንት ላልሞላት እናት የማይደረገው ስለ ምንድን ነው? ድንኳኑ ስለሚታይ ነው እንጂ የሚያስፈልጋቸው ስላነሰ አይደለም። አራሷ ድንኳን የላትም።

የንግድ ፈቃድ ደግሞ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚቀር ሳይሆን የሚታደስ ነው። በዕድሳቱ ጊዜ ግብር መከፈሉን የሚያስረዳ ወረቀት ይጠየቃል፤ በዓመቱ ውስጥ ከጎረቤት ስንት አቤቱታ እንደቀረበና ባለቤቷ ምን እንዳስተካከለች የሚያስረዳ አንዲት ገጽ በፋይሉ ውስጥ ብትጨመር ለመዝገብ ቤቱ ሸክም አትሆንም። ጸሐፊውም ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ቤቱን በዐይኑ ሊያየው ይገባል። ከጠዋቱ በአራት ሰዓት የሄደ ተቆጣጣሪ የሚያገኘው ወንበሩ በጠረጴዛ ላይ የተገለበጠበት፣ ወለሉ የታጠበበት፣ አንዲት ልጅ ብርጭቆ የምትወለውልበት ጸጥ ያለ ቤት ነው፤ ያየውንም በእውነት ይጽፋል። ጎረቤቱ የሚያወራው ግን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ስላለው ቤት ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ በዚያ ቀን የተዘጋው ደግሞ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።