የፎቶግራፉ ጀርባ

ሰው የሚወደውን ነገር እጠብቃለሁ ብሎ የሚቀብርበት ጊዜ አለ። ለመሆኑ ጥበቃ የት ላይ አብቅቶ ነው መቅበር የሚጀምረው? ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ ገንዳ ውሃ ላይ ያየሁት አንድ የዋንዛ ሣጥን ነው።

ከጎንደር ወደ መተማ የሚሄድ መንገደኛ የገንዳ ውሃን ሙቀት ያውቀዋል። ከፀሐዩ ሸሽቼ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳለ አንዲት እናት መጡና ከነጠላቸው ጫፍ ጉርድ ፎቶግራፍ ፈትተው አወጡ። ልጃቸው ነው። ሥራ ፍለጋ ድንበር ተሻግሮ ካርቱም ገብቶ ነበር፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን ድምፁ ጠፍቷል። ያላቸው ፎቶግራፍ ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

«ክዳኑ ላይ በኮላ ለጥፈህ ቫርኒሽ ቀባልኝ። እንዳይነቀል አድርገህ» አሉት አናጢውን።

አናጢው ፎቶግራፉን ገለበጠው። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አለ። «እማማ፣ ከለጠፍሁት የልጅዎ የእጅ ጽሑፍ ተሸፍኖ ቀረ ማለት ነው» አላቸው።

እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ የራሴ ጥፋት ትዝ ብሎኝ ነበር። የአባቴን ፎቶግራፍ ከመስታወት ጋር አጥብቄ ክፈፍ ውስጥ አስገብቼው ነበር። የፎቶግራፍ ፊት ጄላቲን የተቀባ ስለሆነ እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ ከነካው ነገር ጋርም ይጣበቃል። ክረምቱ አልፎ ላወጣው ስስበው የአባቴ ግንባር መስታወቱ ላይ ቀረ። ያጠፋሁት ከቸልተኝነት ሳይሆን እንዳይጠፋብኝ ከመሳሳቴ ነው።

እንጨትም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ኮላ የያዘው ወረቀት አብሮ ይሳባል፣ ይሸበሸባል። ብርሃን ደግሞ ቀለሙን ይበላል። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ለዚህ መላ ነበራቸው፤ ብዙ ሥዕሎችን የሣሉት እንደ በር በሚከፈትና በሚዘጋ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳው ሲዘጋ ሥዕሉ ይጠበቃል፤ ለጸሎት ሲከፈት ይታያል።

እርግጥ የፎቶግራፍ አያያዝ የሚያውቁ ሰዎች «ግልባጭ አስነሥተህ እሱን ስቀል፣ ዋናውን ጨለማ ቦታ አኑር» ይላሉ። አናጢው ይህንኑ ቢጠቁማቸው እናትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መልኩስ ያው ነው፤ እሱ በእጁ የያዘው ግን ይሄን ነው» አሉ። ምን ይመለሳል?

አናጢው በመሮ የፎቶግራፉን ልክ ቆፈረ። ወረቀቱን በአራቱ ማዕዘን ብቻ ያዘው፤ መስታወቱም እንዳይነካው በመካከል ክፍተት ተወ። በላዩ ተንሸራታች መክደኛ ሠራለት። ከዚያም «ጀርባው ላይ ያለውን ላንብብልዎ?» አላቸው። እኒህ እናት ፊደል አልቆጠሩም።

«ተወው ልጄ» አሉ። «ሲመጣ ራሱ ያነብልኛል።»

ያን ጊዜ ነው የኮላው ነገር የገባኝ። የለጠፍነው ነገር ያለቀ ነገር ነው፤ ስለ ልጁ ሌላ የሚነበብ፣ ሌላ የሚጠበቅ የለም ብለን እንደ መፍረድ ነው። እንዲህ ያለውን ፍርድ አናጢም ሆነ ጸሐፊ በእናት ላይ ሊፈርድ አይገባውም። ልጁ ይመለስ አይመለስ እኔ አላውቅም። ሣጥኑ ግን የሚከፈት ሆኖ ተሠርቷል።