የአቃቂ ውሃ ይመሰክርብናል

ወገኖቼ፣ ጥር 11 ቀን ነጭ ለብሰን፣ ምንጣፍ ዘርግተን፣ ታቦታቱን በእልልታ አጅበን ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወረድን። ካህናቱ ውሃውን ባረኩ፤ እኛም ለመረጨት ተጋፋን። ጠብታ ያልደረሰው አዝኖ ተመለሰ። በዓሉ አለፈና ከዚያው ሕዝብ መካከል አንዱ ወደ ፋብሪካው ሄዶ ቱቦውን ወደ ወንዝ ከፈተ። አንዱ ተቆጣጣሪ ነበር፤ አይቶ እንዳላየ አለፈ። ሌላው ሽታው አፍንጫውን ሲሰነፍጠው ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ድልድዩን ተሻገረ። የባረክነው ውሃ ሌላ፣ የመረዝነው ውሃ ሌላ መስሎን ከሆነ ተሳስተናል። የውሃ ፈጣሪ አንድ ነው።

የአቃቂ ሰው ይህን ወንዝ ያውቀዋል። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ከአዲስ አበባ በላይ ካሉት ተራሮች ሲነሱ ንጹሕ ናቸው። ከተማዋን አቋርጠው እኛ ዘንድ ሲደርሱ ግን የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የማቅለሚያ ቀለም፣ ቆዳ የሚለፋበትን ክሮም ተሸክመው ነው። በላይ ያለው የደፋው በታች ያለው ጓሮ ይገባል። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት፣ ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት የአባ ሳሙኤል ሐይቅ እንቦጭ ወርሮታል። ከዚያ ወዲያ አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር የሚያልቅ ወንዝ ነው። ስለዚህ የደፋነው መርዝ ከሀገር አይወጣም፤ እዚሁ በወገናችን ደጅ ይቀራል።

በወንዙ ዳር ገበሬው በዚያው ውሃ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት ያለማል። ሌላ ውሃ የለውም፤ የቀረችውንም መሬት ከተማው ከዓመት ዓመት እየሰፋ ይወስድበታል። በባዶ እግሩ ጭቃው ውስጥ ሲውል ቁስሉን የሚያየው ማነው? ባለሙያዎች አፈሩንና አትክልቱን መርምረው ክሮምና እርሳስን የመሰሉ ከባድ ብረቶች እንዳሉበት ደጋግመው ጽፈዋል። ያ ጎመን በአህያ ተጭኖ ገበያ ይወጣል፤ ጉልት ላይ ይዘረጋል፤ ሁዳዴ ሲገባ በየማዕዳችን ይቀርባል። ሥጋና ወተት ትተን 55 ቀን የምንጾምበት ጎመን በወንድማችን በደል ውሃ የበቀለ ነው። ይህን ጾም ምን እንበለው? ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እየጾመ ሠራተኛውን የሚያስጨንቀውን የገሠጸው እኮ ለእኛም ነው!

አንተ ባለ ፋብሪካ፣ ለአንተ እናገራለሁ። ዐሥራት ታወጣለህ፤ ለቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ለመስጊድ ሚናራ፣ ለጸሎት ቤት ወንበር ትሰጣለህ። ስምህ በምስጋና ይጠራል፤ ሰውም ያጨበጭባል። ማጣሪያውን ግን ተቆጣጣሪ ሲመጣ አስነስተህ፣ ሲሄድ የመብራትና የኬሚካል ወጪ በዛ ብለህ የምታጠፋ ከሆነ፣ ያተረፍከው ብር ከበረኛህ ልጅ ጤና የተቀነሰ ነው። ከድሃ ገላ ቆርሰህ ለእግዚአብሔር ስለት አታግባ። ለእንግዳህ የታሸገ ውሃ እያቀረብክ ለጎረቤትህ የምትለቅለትን ውሃ እርሱ ያያል።

አንተ ባለሥልጣን፣ ሕግ የለም እንዳትል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን የሰው ሁሉ መብት አድርጎታል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ከተማ አስተዳደሩም በ2017 ወንዝ የሚበክልን የሚቀጣ ደንብ አውጥቷል። ወረቀቱ ሞልቷል፤ የጎደለው ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው። የወንዝ ዳርቻ ሲዋብ፣ አበባ ሲተከል፣ መብራት ሲበራ እሰየው ብለናል። ሥራህ የሚመዘነው ግን ሪባን በተቆረጠበት ቦታ ሳይሆን ውሃው አቃቂ ሲደርስ ነው። በእጅ መንሻ የተሸፈነ ናሙና በሰማይ ይገለጣል።

እናንተ ካህናት፣ ሼሆች፣ ፓስተሮች፣ ከሁሉ ይልቅ በእናንተ አዝናለሁ። በዐውደ ምሕረት ሴቲቱን ስለ አለባበሷ ትገሥጻላችሁ፤ ወጣቱን ስለ ጭፈራው ትቆጣላችሁ። ወንዝ ስለሚመርዘው ሰው ግን ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ቃል አይወጣችሁም። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 1928 ሕዝቤን አላወግዝም ብለው በጥይት ተደበደቡ። አቡነ ቴዎፍሎስና ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 1971 በደርግ እጅ ተገደሉ። እነዚያ ነፍሳቸውን ከፈሉ፤ እናንተ የምትፈሩት የአንድ ባለጸጋ ፊት እንዳይጠቁርባችሁ ነው። ጠባቂ ተኩላውን ሲያውቀው ዝም ካለ የበጉ ደም ከማን እጅ ይፈለጋል?

እኛ ምእመናንም ነጻ አይደለንም፤ እኔም አብሬ ነኝ። በ2015 ሲኖዶሱ ባወጀው መሠረት የነነዌን ጾም ጥቁር ለብሰን ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድነት አለቀስን። በዚያው ዓመት ሙስሊም ወገኖቻችን በሸገር ከተማ ስለ ፈረሱ መስጊዶች በአንዋር መስጊድ ድምፃቸውን አሰሙ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ስለ ቤተ እምነታችን መቆማችን ደግ ነው። በዚያ ቤት ስለሚሰግደው ሰው ጤና ግን መቼ ቆምን? ክርስቲያኑ የሚጠመቀው፣ ሙስሊሙ ውዱእ የሚያደርገው፣ ኦሮሞው ኢሬቻ ላይ እርጥብ ሣር ይዞ ምስጋና የሚያደርሰው በውሃ ነው። ሁላችንም ውሃን እናከብራለን፤ ወንዛችን ሲሞት ግን አንዳችንም ጥቁር አልለበስንም።

ንስሐ ግቡ! ንስሐ ግን እንባ ብቻ አይደለም። የነነዌ ሰዎች ማቅ ለብሰው፣ ከብቶቻቸውን ሳይቀር አስጾመው አልቀሩም፤ እያንዳንዱ በእጁ ካለው ግፍ ተመልሷል። እግዚአብሔርም ለዮናስ ሲመልስለት ከ120,000 ስለሚበልጡ ሰዎች ብቻ ሳይሆን ስለ እንስሶቻቸውም ራርቷል። እኛ ግን ላማችንን ከአቃቂ ውሃ እናጠጣለን። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል የገባው ገና ጌታ ቤቱ ሳለ ነው። ሙስሊሙም የሰው ሐቅ ሳይመለስ ተውበት እንደማይሞላ ያውቃል።

ስለዚህ ባለ ፋብሪካው ማጣሪያህን ሌሊትም አሠራ፤ ለተጎዳው ገበሬ ካሳ ስጥ። ባለሥልጣኑ የውሃውን ምርመራ ውጤት በየቀበሌው ለጥፍ። ሰባኪው በሚቀጥለው ጉባኤ የወንዙን ነገር ተናገር። ምእመኑም አቤቱታህን ጻፍ፤ አዋጅ 300 የሚያመለክት ሰው እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ እንዲያስረዳ አይጠይቅም። አፓፕ የተባለ የሰብዓዊ መብት ማኅበር ይህንኑ አዋጅ ይዞ ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከስሶ ነበር፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። አንድ ማኅበር ብቻውን ቆሞ ተሸነፈ። መቶ ሺህ ምእመን አቤት ቢል ግን መልስ የማይሰጥ ማነው?

ጥር ይመለሳል፤ ታቦቱ ይወጣል፤ እልልታው ይቀልጣል። ያን ቀን ከመድረሱ በፊት አንድ ማለዳ ብቻህን ወደ አቃቂ ድልድይ ውረድ። ቆመህ ውሃውን እይ። ልጅህን አቅፈህ በዚያ ውሃ ፊቱን ለማጠብ እጅህ ከፈራ፣ የሌላውን ልጅ ስታጥብበት የኖርከው አንተ ነህና ከዚያው ተንበርከክ።