ድንኳን ያልተተከለለት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤት ለቅሶ ተቀምጬ ነበር። አመሻሽ ላይ፣ ሰው ወሬው ደራ ደራ ሲልለት፣ የእድሩ ትልቅ ብረት ድስት ከተሸካሚው እጅ አምልጦ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ሁላችንም ክው አልን፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ወሬያችን ተመለስን። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ግን አልተመለሱም። ብድግ ብለው የድንኳኑን ቋሚ ጨብጠዋል። ዓይናቸው የመግቢያው መጋረጃ ላይ ቀርቷል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንላለን። ይህን ተረት ልጅ ሆኜ የምሰማው በፈሪ ላይ እንደ ፌዝ ነበር። ዛሬ ግን ርኅራኄ ያለበት ሆኖ ይሰማኛል፤ መሬት ላይ የተጋደመው ልጥ መሆኑን የሚሸሸው ሰውም ያውቃል፣ ሰውነቱ ግን አይሰማውም። ሐኪሞች ድኅረ አደጋ ሰቀቀን የሚሉት ይህንን ነው። ያለፈው ነገር ሳይጠሩት በቅዠትና በቁም ይመጣል። ሰውየው የሚያስታውሰውን መንገድ ይሸሻል፣ ኮሽ ባለ ቁጥር ይበረግጋል፣ ነገሩም ከወር በላይ ይዘልቃል። በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ለብቻው ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1980፣ ከቬትናም ጦርነት በኋላ ነው። መባነኑ ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል።

በ24 አገሮች ወደ 69 ሺህ የሚጠጉ አዋቂዎች የተጠየቁበት የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት አለ። ከመቶው 70 ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ከባድ ነገር ደርሶባቸዋል ወይም አይተዋል፤ የመኪና አደጋ፣ ድብደባ፣ ጦርነት፣ የወዳጅ ድንገተኛ ሞት። በሕይወት ዘመናቸው ሰቀቀኑ የያዛቸው ግን ከተጠየቁት ሁሉ ከመቶ 4 አይሞሉም። ድንኳኑ ውስጥ ሠላሳ ያህል ነበርን። በዚህ ስሌት ሃያ አንዳችን እባቡን አይተናል፤ በልጥ ሲባንን የኖረው አንድ ሰው ነው። ጦርነት ያለፈበት ሕዝብ ዘንድ ስሌቱ ይከብዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ከጠየቃቸው ሰዎች ከመቶ 15.8ቱ ላይ ሰቀቀኑን አግኝቷል።

እኔን የሚያስገርመኝ የቀሩት የሃያዎቹ ነገር ነው። ያን ሁሉ አይተው እንዴት እንቅልፍ ወሰዳቸው? መልሱ ብዙ ነው፤ አንዱን ግን ጥናቶቹ ደጋግመው ይነግሩናል፤ ከአደጋው በኋላ ከጎን ሰው መኖር አለመኖሩ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ይህን ሳነብ መርዶ ትዝ ይለኛል። መርዶ ሊነጋጋ ሲል ይነገራል፤ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚወድቀውን የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ። ዋሽንግተን ያለ የአገሬ ሰውም እናቱ ስትሞት በስልክ ብቻውን እንዳይሰማ ወዳጆቹ ተጠራርተው ቤቱ ይሄዳሉ። ከዚያ ድንኳን፣ ንፍሮ፣ ሰልስት፣ አርባ። ያዘነው ሰው ያንኑ ታሪክ ለሚመጣው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ሃምሳ ጊዜ ይናገራል፤ ማንም ሰምቼዋለሁ አይለውም። ይህን ያበጁ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ድንኳን የሚተከለው ለሞት ነው። ለሞትም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ልጆቻቸውን ቀይ ሽብር የበላባቸው ብዙ እናቶች ማልቀስ ተከለከሉ፤ ልጃቸው የተገደለበትን ጥይት ዋጋ የተጠየቁም ነበሩ። መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው የሰማዕታት ሙዚየም፣ ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞች በመስታወት ውስጥ ተደርድረዋል። እዚያ የቆምኩ ጊዜ ያሰብኩት ስለ ሟቾቹ ብቻ አልነበረም፤ እንባዋን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ፣ ጎረቤት እንዳይሰማባት እየሠጋች፣ ሊጥ ስታቦካ ስላመሸችው እናትም ነበር። በትግራይም ብዙ ቤተሰብ የልጁን መርዶ በይፋ የተረዳው ጦርነቱ በስምምነት ካበቃ አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ነው። ያን ያህል ጊዜ በር በተንኳኳ ቁጥር ልብ ምን ሲል ነበር?

ደግሞ ፈጽሞ ድንኳን የሌለው አለ። የተደፈረች ልጅ ቤት ለቅሶ አይደረስም። ባሏ የሚደበድባት ሴት ዘንድ ንፍሮ ይዞ የሚሄድ የለም፤ ቢበዛ ሆድ ይፍጀው ትባላለች። በዚያው የ24 አገሮች ጥናት ሰቀቀኑን በብዛት ያስከተለው መደፈር ነው፤ ከደረሰባቸው ከመቶ 19ኙን ይዟል። የወዳጅ ድንገተኛ ሞት ግን ከመቶ 5 ያህሉን ነው። ልዩነቱን ድንኳን ብቻ ፈጠረው አልልም፤ በሰው እጅ የተሠራ ግፍ የራሱ መርዝ አለው። ግን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ባየሁ ቁጥር ሆድ ይፍጀው የሚለው ቃል ያመኛል። ሆድ አይፈጀውም። ሆድ ያቆየዋል።

ሴትዮዋን ምን እንዳዩ አልጠየቅኋቸውም። ያሉበት አግዳሚ ጀርባውን ለመግቢያው የሰጠ ነበርና ተነስቼ የኔን ቦታ ለቀቅኩላቸው።

«እትዬ፣ እዚህ ይቀመጡ። ከዚህ በሩ ይታያል።»

አንዴ በሩን፣ አንዴ እኔን አዩ። ቋሚውን ቀስ ብለው ለቀቁ።

«ተባረክ ልጄ» አሉና ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ጠጋ አልኩ። ንፍሮው ሲዞር እጃቸውን ዘረጉ።