ከኳስ ሜዳ የሚወጣ መሪ



ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ተጋድሎ ሊያስተምር ሲነሣ ምሳሌውን ያገኘው ከስፖርት ሜዳ ነው። ለቆሮንቶስ ምእመናን ስለ ሩጫ ጻፈላቸው፤ ለልጁ ለጢሞቴዎስ ደግሞ በሕጉ መሠረት ያልታገለ ሰው አክሊል እንደማይቀዳጅ ነገረው። ለጢሞቴዎስ በጻፈው ቃል አክሊሉን ያያያዘው ከሕግ ጋር እንጂ ከጉልበት ጋር አለመሆኑን ልብ እንበል።

ይህን ያነሣንበት ምክንያት አለን። በከተማችን በባሕር ዳር ኳስ የማይወድ ወጣት ማግኘት ያስቸግራል። ከመካከላችንም በጉዳት ወይም በኑሮ ምክንያት ጨዋታውን ያቆሙ፣ «እንግዲህ ለምን እንጠቅማለን?» እያሉ ይጠይቁናል። ከእነርሱ አንዱ ጉልበቱን ከተጎዳ በኋላ ከጉባኤያችን ርቆ፣ ሌሎች በሚጫወቱት ኳስ ላይ ገንዘቡን እያስያዘ ውርርድ ቤት ይውል ነበር። ተግሣጽ ብቻውን እንደማይመልሰው ስለተረዳን የአንድ ሰው ታሪክ አጫወትነው።

እኚህ ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በ1914 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው በዜማና በቅኔ የሚታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነበሩ፤ ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ መሆኑን ወጣቱ ትውልድ ላያውቅ ይችላልና እግረ መንገዳችንን እናስታውሳለን። አቶ ይድነቃቸው የተማሩት በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው። ገና ተማሪ ሳሉ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተመሠረተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ገብተው ከሃያ ዓመት በላይ ተጫወቱ። የሐይቁን ዳር ይዞ የቆመው የከተማችን ደብር የባሕር ዳር ጊዮርጊስም በዚሁ ሰማዕት ስም ስለሚጠራ፣ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ጫማቸውን ሰቅለው ዝም አላሉም። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። አባላቱ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አላመጣም አለች፤ ሌሎቹም አልተቀበሏትም። ገና በእግሩ ላልቆመ ማኅበር ከአራት አባላት አንዱን ማጣት ቀላል ኪሳራ ነው? ለመጀመሪያው ዋንጫ ሦስት ቡድን ብቻ ቀረ። ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተደልድላ ስለነበር ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

በጥር 1954 ዓ.ም. ግን በአቶ ይድነቃቸው አሠልጣኝነት፣ በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት፣ ያችኑ ግብፅን አዲስ አበባ ላይ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው በዚህ ድል ነው። እኛ ከዚያ የሚበልጥብን በስብሰባ አዳራሽ የሠሩት ሥራ ነው። ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ከ16 ቦታዎች ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድነት አንዲት ቦታ ብቻ በሰጠ ጊዜ፣ ፍርዱ ትክክል አይደለም ብለው ከተከራከሩት ዋነኞች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። የአፍሪካ አገሮች ከውድድሩ ወጡ፤ የገንዘብ ቅጣትም ተጣለባቸው። በ1962ቱ ዋንጫ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ በ1974ቱ ሁለት ሆነላት። በዚያን ጊዜ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት እርሳቸው ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በዚያው ወንበር አገለገሉ።

ሁሉን ነገራቸውን እናመስግን አንልም። ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸውን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ እኛ ግን የአንድን ድሃ ቤት ልጅ እንጀራ ስናስብ በዚህ አሳባቸው ሙሉ በሙሉ አንስማማም። ሆኖም ማኅበርን ማስተዳደር፣ በጀት መያዝ፣ ውል መዋዋል፣ እምቢ በሚባልበት ቦታ እምቢ ማለት፣ ይህ ሁሉ የመሪ ሥራ ነው። ነገ ሱቅ ለሚከፍተው፣ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ለሚሆነው፣ ፋብሪካ ለሚመራው ወንድማችንም ያው ነው። ዳኛው ባያይም ኳሷ በእጁ እንደነካች የሚናገር ልጅ ሚዛን አያጭበረብርም፤ ለጓደኛው ማቀበል የማይወድ ግን አሥር ሠራተኛ ቢቀጠርለት አሥሩንም ያባርራል።

ወንድማችን ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «እሳቸው ጉልበታቸው ደኅና ነበር» አለን። መልሱ አስቆን ነበር፤ ግን እውነት አለው። ስለዚህ የራሳችንን ታንኳ አሳየነው። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ባለ ታንኳው ከጣና ማዶ እንጨቱን አራግፎ ሲመለስ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። እንዲህ ካላደረገ ታንኳው እየከበደ ይበሰብሳል። ዳር ላይ የቆመ ታንኳ ያየ ሰው ሥራ ፈቷል አይልም።

ከፋሲካ ወዲህ የቡድናችንን የኳስና የማሊያ መግዣ መዋጮ እንዲይዝ ሰጠነው። በመጀመሪያው ወር ሒሳቡ 40 ብር ጎደለ። ማንም ሳይጠይቀው ከመርሐ ግብር በኋላ ተነሥቶ በሁላችን ፊት ተናገረ፤ የሁለት አባላት መዋጮ ሳይመዘገብ የተከፈለ መስሎት እንደ ነበር አስረዳ። ሁለቱም በሚቀጥለው እሑድ ከፈሉ፤ መዝገቡ አሁንም በእርሱ እጅ ነው።