ጡረታና ጧሪ

ሰው በጎልማሳነቱ ካልተቀጨ በቀር እርጅናን የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን እናውቀዋለን እንጂ አናምነውም። ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤታችን ስንገሠግሥ፥ የፎቁን ደረጃ በአንድ ትንፋሽ ስንወጣ፥ ጉልበታችን ለዘወትር የተሰጠን ንብረት መስሎ ይታየናል። በመንገድ ዳር ምርኩዙን ተደግፎ የሚያዘግመውን ሽማግሌ ስናይም እናዝንለታለን እንጂ፥ «ይህ ሰው ነገ እኔ ነኝ» አንልም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰው ገና ላልመጣው ለሽማግሌው ራሱ ዕዳ አለበትን? ካለበትስ ዕዳውን የሚከፍለው ከማን ድርሻ ላይ ቀንሶ ነው?

ጡረታ የሚለው ስም «ጦረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። መጦር ማለት ያረጀውንና የደከመውን መመገብ፥ ማልበስ፥ መደገፍ ማለት ነው። ወላጆቻችን ልጅ ለተወለደለት ሰው «ጧሪ ቀባሪ ያድርግልህ» ብለው ሲመርቁ፥ በሁለት ቃል ሁለት ታላላቅ ጉዳዮችን መጠቅለላቸው ነበር። በእርሻ በሚተዳደረው ቤተሰብ ዘንድ ይህ ምርቃት እውነተኛ ዋስትና ነበር፤ ዛሬም በብዙ ስፍራ ነው። መሬቱ አለ፥ በሬው አለ፥ ልጁ ያርሳል፥ ሽማግሌው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የልጅ ልጁን ያጫውታል። ከደመወዝ በቀር ሌላ ማሳ የሌለው የከተማ ሰው ግን ሁኔታው ልዩ ነው። ደመወዙ በቆመ ዕለት ማሳው ይነጥፋል፤ ልጆቹም እንጀራ ፍለጋ በየአገሩ ተበትነው ይገኛሉ። እንግዲህ የሚጦረው ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ሕግ ጣልቃ ገባ። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በ1953 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌና ተከትሎት በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ሲቆም፥ ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 4፥ መንግሥት ደግሞ ከመቶ 6 ያዋጡ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 715 እስኪወጣላቸው ድረስ ብዙ ዘመን ከዚህ ጥላ ውጭ ቆይተዋል። መዋጮውም ደረጃ በደረጃ እያደገ ሄዶ የሠራተኛው ከመቶ 7፥ የአሠሪው ከመቶ 11 ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 1267ና 1268 ደግሞ የቀድሞዎቹን ተክተዋል። ሁለቱ መዋጮዎች ሲደመሩ ከመቶ 18 መሆናቸውን ልብ ይሏል። ዮሴፍ በግብፅ ምድር በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ለረኃቡ ዘመን እንዲቀመጥ ያዘዘው አምስተኛው እጅ ነበር፤ የእኛም ሕግ ከዚያ ብዙ አልራቀም።

ከዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ እናርም። ብዙ ሰዎች አሠሪው የሚያዋጣውን ገንዘብ እንደ ችሮታ፥ ጡረተኛውንም እንደ ምጽዋት ተቀባይ ይቆጥሩታል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከመቶ 11ዱ ሠራተኛው በላቡ ያገኘው፥ ነገር ግን እንዲቆይለት የተቀመጠ ዋጋው ነው። ስለዚህ አበሉን ለመቀበል የተሰለፈ አረጋዊ ሊያፍር አይገባውም፤ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠውም ጸሐፊ የሚያስረክበው የሰውየውን የራሱን ገንዘብ መሆኑን አውቆ በአክብሮት ሊያስተናግደው ይገባል። ከሠራተኛው ደመወዝ የቀነሰውን ለጡረታ ፈንድ ሳያስገባ ለራሱ ጉዳይ የሚያውል አሠሪ ቢኖርም፥ ተበደርሁ ቢል የማይሰማለት፥ የሽማግሌ ጉርሻ የነጠቀ ሰው ነው።

ነገር ግን ሽማግሌውን የሚበድል አሠሪ ብቻ አይደለም። ሠራተኛውም ራሱ ከበዳዩ ጋር የሚተባበርበት ጊዜ አለ። በአንዳንድ ስፍራ አሠሪና ሠራተኛ ተስማምተው ትክክለኛውን ደመወዝ ዝቅ አድርገው ያስመዘግቡና የቀረውን በአበል ስም ይቀባበላሉ። ሠራተኛው ተቀናሹ ስላነሰለት ደስ ይለዋል። እስቲ ሂሳቡን እንመልከት። በ2003 ዓ.ም. አዋጆች ስሌት መሠረት 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ዕድሜው 60 ሲሞላ ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ ከመቶ 30 ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት ከመቶ 1.25 እየተጨመረለት እስከ ከመቶ 70 ይደርሳል። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው እንግዲህ ከመቶ 55 ይደርሰዋል ማለት ነው። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ቢሆን በየወሩ 5,500 ብር ይቀበላል። ደመወዙን 6,000 ብር ብሎ ያስመዘገበ እንደ ሆነ ግን የሚቀበለው 3,300 ብር ነው። በጎልማሳነቱ በየወሩ 280 ብር ከተቀናሽ አተረፍሁ ሲል፥ በእርጅናው በየወሩ 2,200 ብር አጣ። አሠሪው ግን በየወሩ 440 ብር ተርፎታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፥ ጎልማሳው ሽማግሌውን ለሌላ ሰው ጥቅም ሸጠው። በደሉም የሚከፋው የተበደለው ሰው ለመክሰስ ገና ስላልመጣ ነው።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «እናቴ በገጠር ታማ ሳለች፥ ታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ አጥቶ ሳለ፥ እኔ ገና ለማላውቀው ሽማግሌ ገንዘብ ላስቀምጥን?» የሚል ሰው ቢኖር፥ ጥያቄው ከንፉግነት የመነጨ አይደለምና ልንንቀው አይገባም። እኛም የዛሬውን ረኃብተኛ ትቶ የነገውን ብቻ ማሰብ ጽድቅ ነው አንልም። ወላጅን መጦር ከሁሉ የቀደመ ዕዳ ነው፤ ሕጉም ራሱ አባሉ ሲሞት በእርሱ ይረዱ የነበሩ ወላጆቹን ከተተኪዎቹ መካከል መቁጠሩ ይህን ይመሰክራል። ነገር ግን ዛሬ ለእናቱ የሚልከው ልጅ ነገ ባዶ እጁን ቢያረጅ፥ ሸክሙ ሁሉ ያለ ርኅራኄ በልጆቹ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ እነርሱም ለመቆጠብ አቅም ያጣሉ፤ ችግሩም ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደ ርስት ይተላለፋል። ስለዚህ ለእርጅናው የሚያስቀምጥ ሰው ልጆቹን ነጻ ማውጣቱ ነው። መጦራቸውም ያን ጊዜ ከግዴታ ይልቅ ፍቅር ይሆናል።

ደግሞስ በእውነት ቁጠባን የሚሻማው ለእናት የሚላከው ገንዘብ ነውን? ብዙውን ጊዜ የሚሻማው ከአቅም በላይ የተደገሰው ሠርግና በብድር የተደገሰው ተዝካር ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ለዚህ ነው። ማኅበራዊ ልማዳችን ጥበብ አላጣም፤ ዕቁብ አለን፥ እድር አለን፥ በየመሥሪያ ቤቱም የቁጠባና የብድር ማኅበር ተቋቁሞአል። ነገር ግን እናስተውል፦ እድር የተቋቋመው ለሞት ቀን እንጂ ለእርጅና ዘመን አይደለም። ከዚያ ከጥንቱ ምርቃት ውስጥ እድር ቀባሪውን ተክቶአል፤ ጧሪውን ግን ሊተካ አይችልም። አምሮ ለመቀበር በየወሩ የምናዋጣ ሰዎች፥ ከመቀበራችን በፊት ላሉት ዓመታት አለማዋጣታችን የሚያስገርም ነው። ገንዘብ ከፍራሽ ሥር ተቀምጦ የገበያው ዋጋ ሲንር እያነሰ ስለሚሄድ፥ ትርፍ ያለው ሰው በሚያፈራ ነገር ላይ ቢያውለው ይበጃል፤ የሕዝብን መዋጮ የሚያስተዳድሩ ሹማምንትም የአደራው ትልቅነት ከዚህ ላይ ነው።

ከሠራተኛው ጥቅሞች መካከል ዕረፍትንም ችላ ልንለው አይገባም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን፥ ከዚያም ለየ2 ዓመቱ ተጨማሪ አገልግሎት አንድ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ሠራተኛው ይህን መብቱን ልተው ብሎ ቢዋዋል እንኳ ውሉ አይጸናም። ምክንያቱ ምንድን ነው? ሕግ አውጪው ጎልማሳውን ሰው በሚገባ ስለሚያውቀው ነው፤ ዛሬ ጥቂት ብር ያገኘ እንደ ሆነ የነገ ጤናውን ይሸጣል። ዕረፍት ለሰውነት የሚደረግ ቁጠባ ነው። በጎልማሳነቱ ያላረፈ ሰውነት በእርጅናው ከጡረታ አበሉ ላይ ለመድኃኒት ይቀንሳል።

በመጨረሻ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናሳስበው ጥቂት ነገር ነው። በማኅደራችሁ ውስጥ የተጻፈው የልደት ዘመንና የቅጥር ቀን ትክክል መሆኑን፥ የባለቤታችሁና የልጆቻችሁ ስም መመዝገቡን፥ የተመዘገበውም ደመወዝ እውነተኛው ደመወዛችሁ መሆኑን ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ጉልበት ሳለ የሚጠየቅ ነገር በምርኩዝ ከሚጠየቅ ይሻላልና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ የትንሽ ብር ቁጠባም እንዲሁ ነው። ከሕዝባችን የሚበዛው ገበሬ ይህ የጡረታ ጥላ ገና ያልደረሰው መሆኑንም አንዘንጋ፤ ጥላው የደረሰልን ሰዎች በቸልተኝነት ብናጠፋው ወቀሳችን እጥፍ ይሆናል። ወደ እኛ እያዘገመ የሚመጣው ሽማግሌ ዛሬ ሊለምነን አይችልም፤ ድምፅ የለውም። ስለ እርሱ የሚናገርለት ጠበቃ፥ የሚፈርድለትም ዳኛ እኛው ነን፤ ፍርዱንም የሚቀበለው እርሱ ነው።