የግፉዓን ዝክርና ይቅርታ

ይቅር ያለ ሰው የተገደለበትን ወገኑን ማሰብ ይገባዋልን? ወይስ ማሰቡ ይቅርታውን ያፈርስበታል? ይህ ጥያቄ ለንስሐ አባቶች እንግዳ አይደለም። ደም የተቃቡ ሁለት ቤተ ሰቦች በሽማግሌ ከታረቁ በኋላ፥ የሟቹ ወገኖች በሙት ዓመቱ ተዝካር ቢያወጡ «ቂም ሊቀሰቅሱ ነው» የሚል ሰው አይታጣም። ይህን የሚለው ሰው ክፉ አሳቢ ላይሆን ይችላል፤ ሰላሙ እንዳይደፈርስ ፈርቶ ነው። ይሁን እንጂ ፍርሃቱ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ልንመረምር ይገባናል።

ምርመራውንም በአንድ አገር ታሪክ ላይ እናደርገዋለን፤ ይኸውም ደቡብ አፍሪካ ነው። ዓመታቱንም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እናስቀምጣለን። አገሩ ሩቅ ቢሆንም ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ማንጌና ሞኮኔ የተባሉ ጥቁር ሰባኪ በሚሲዮን ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ የነበረውን የቀለም ልዩነት ተጸይፈው ከወጡ በኋላ፥ በ1892 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ያቋቋሙትን ማኅበር «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ብለው ሰየሙት፤ ነቢዩ ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ እጆች የተናገረውን ተስፋ አድርገው ነው። በሥርዐት ከእኛ ጋር አንድ ባይሆኑም፥ በስማችን የተጠለሉ ሰዎች ኀዘን ኀዘናችን ነው።

በዚያ አገር በ1948 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው መንግሥት «አፓርታይድ» የተባለውን የመለያየት ሥርዐት በሕግ አቆመ። ሰው ሁሉ በቀለሙ ተመዘገበ፤ ጥቁሩም በተወለደበት ምድር የይለፍ ደብተር ሳይዝ ቢገኝ ይታሰር ነበር። ማርች 21 ቀን 1960 ዓ.ም. ሻርፕቪል በተባለ ሰፈር ይህን ደብተር በመቃወም በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ፖሊሶች ተኵሰው፥ በመንግሥቱ ቍጥር 69 ሰዎች ገደሉ፤ ከተመቱትም ብዙዎቹ ጥይቱ ያገኛቸው ሲሸሹ ከጀርባቸው ነበር። ጁን 16 ቀን 1976 ዓ.ም. ደግሞ በሶዌቶ፥ አፍሪካንስ በሚባለው ቋንቋ እንዲማሩ መገደዳቸውን ተቃውመው በወጡ ተማሪዎች ላይ ተተኰሰ። የ12 ዓመቱ ሄክተር ፒተርሰን በሌላ ወጣት ክንድ ላይ ሆኖ፥ እኅቱ በጎኑ እያለቀሰች ስትሮጥ የሚታይበትን ሥዕል ያላየ አገር የለም። በቤተ ልሔም የታረዱትን ሕፃናት በዓል የምናከብር እኛ፥ ይህን ሥዕል ተርጓሚ ሳንፈልግ እናነበዋለን።

በግልጽ ከተገደሉት ይልቅ ግን በስውር የተገደሉት ነገር ለጥያቄአችን የቀረበ ነው። ኢማም አብዱላ ሃሮን በኬፕታውን 123 ቀን በእስር ቆይተው በ1969 ዓ.ም. ሞቱ፤ ፖሊሶቹ «ከደረጃ ወድቀው ነው» አሉ። አሕመድ ቲሞል የተባለው መምህር በ1971 ዓ.ም. ከጆሃንስበርግ ፖሊስ ሕንፃ 10ኛ ፎቅ ወድቆ ሞተ፤ «ራሱን ወረወረ» አሉ፤ በ1972 ዓ.ም. የሞቱን ምክንያት የመረመረው ዳኛም ቃላቸውን ተቀበለ። ስቲቭ ቢኮ በ1977 ዓ.ም. አንጎሉ በድብደባ ተጐድቶ ሲሞት፥ ሚኒስትሩ አስቀድመው ያወሩት ምግብ አልበላም ማለቱን ነበር። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ሁለት ጊዜ ተበደሉ፤ መጀመሪያ ነፍሳቸው፥ ቀጥሎም ስማቸው ተወሰደ። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ባልንጀራው በሕይወት ሳለ ብቻ የሚጠብቀው አይደለም። ኢማሙ ክርስቲያን አልነበሩም የሚል ቢኖር፥ ጌታ ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ለጠየቀው ሕግ ዐዋቂ በሳምራዊው ምሳሌ የመለሰለትን ያስታውስ።

ስለዚህ የግፉዓን ዝክር የመጀመሪያ ሥራው ልቅሶ ሳይሆን ሐሰቱን ከመዝገብ መፋቅ ነው እንላለን። በቲሞል ጉዳይ ይህ የሆነው በ2017 ዓ.ም. ነው፤ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን እንደገና ከፍቶ፥ ተገፍቶ እንደ ተገደለ ፈረደ። በመካከሉ 46 ዓመት አለፈ፤ እናቱም ፍርዱን ሳያዩ ሞቱ። የኢማሙም መዝገብ በ2023 ዓ.ም. እንደዚሁ ታረመ፤ ፍርድ ቤቱ ለሞት ያበቃቸው የደረሰባቸው ሥቃይ ነው አለ። እነዚህ ቤተ ሰቦች ያን ሁሉ ዘመን ዝም ብለው ቢሆን ሰላም ወዳዶች በተባሉ ነበር፤ በሙታኖቻቸው ላይ ግን ሐሰተኛው ምስክር እንደ ጸና ይቀር ነበር። በ1985 ዓ.ም. ከክራዶክ ከተማ አራት የሕዝብ መሪዎች በመንገድ ላይ ተይዘው ተገደሉ። ከአራቱ የአንዱ ልጅ በ1996 ዓ.ም. በሸንጎ ፊት ቀርባ፥ ይቅር ለማለት እንደሚፈልጉ፥ ነገር ግን ማንን ይቅር እንደሚሉ እንደማያውቁ ተናገረች። ከዚህች ልጅ ቃል የበለጠ ትምህርተ ይቅርታ በብዙ መጻሕፍት አላገኘንም። ይቅርታ በዳይን ፊት ለፊት አይቶ የሚሰጥ ነው፤ በጨለማ የሚወረወር ምጽዋት አይደለም።

ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ልማድ እንመለስ። ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር ኃጢአቱ በወጋሪዎቹ ላይ እንዳይቈጠር ለመነ። ከዚህ የሚበልጥ ይቅርታ ከጌታ በቀር ማን አደረገ? ታዲያ ቤተ ክርስቲያን እርሱ ይቅር ብሏልና እንርሳው አለችን? አላለችም፤ ጥር 1 ቀን ዕረፍቱን ታስባለች፥ እንዴት እንደ ሞተም ሳታስቀር ታነባለች። የወጋሪዎቹን ልብስ የጠበቀው ሳውል መሆኑን እንኳ አልደበቀችም። ያ ሳውል ጳውሎስ ሆነ፤ እርሱንም እናከብረዋለን፤ ክብሩ ግን ያን መስመር ከመጽሐፉ አላስፋቀም። ጌታም ከተነሣ በኋላ የችንካሩን ምልክት በእጁ ይዞ ለቶማስ አሳየው። ቍስሉን ያሳየው ሊከስበት ሳይሆን ሊያሳምነው ነው። ማሰብና መበቀል አንድ ቢሆኑ ኖሮ፥ ቅዳሴአችን ሁሉ በቀል በሆነ ነበር፤ መሥዋዕቱ የተሰጠን ሞቱን እንድናስብበት ነውና።

በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የተመራው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ1996 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሮ ከ21 ሺህ በላይ ቃል ተቀበለ። ያደረገውን ሁሉ ለሚናገር ምሕረት ይሰጠው ነበር፤ ከ7,112 አመልካቾች ምሕረት ያገኙት 849 ናቸው። አንድ ነገር ግን ካህናት ልብ ሊሉት ይገባል፤ ሕጉ እውነቱን መናገርን እንጂ መጸጸትን አልጠየቀም። በእኛ ሥርዐት ኑዛዜ ያለ ጸጸትና ያለ ካሳ ንስሐ አይባልም። የምድር ሸንጎ ልብን መመርመር ስለማይችል በዚህ አንነቅፈውም፤ የካሳው ነገር ግን ያስነቅፋል። ለተበዳዮች የተሰጠው አንድ ጊዜ 30,000 ራንድ ነበር፤ ዘኬዎስ የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ማለቱን ለሚያውቅ ይህ ጥቂት ነው። ምሕረት ያልጠየቁትንና የተከለከሉትን ለፍርድ ማቅረብም ለብዙ ዘመን ቸል ተብሎ ቆይቶ፥ ክሶቹ ሆን ተብሎ ታግደው እንደ ሆነ የሚመረምር ኮሚሽን የተቋቋመው በ2025 ዓ.ም. ነው።

የሌላው ወገን ሙታንስ? በ1983 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ቸርች ጎዳና በፈነዳው ቦምብ 19 ሰዎች ሞቱ። በ1993 ዓ.ም. በኬፕታውን የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጸሎት ላይ ከነበሩት 11 ተገደሉ። ኮሚሽኑ የእነዚህንም ወገኖች ሰምቷል፤ መልካም አደረገ። ጨቋኙ ሥርዐትና የተነሡበት ሰዎች በደላቸው እኩል ነው ማለት እውነት አይደለም፤ በጸሎት ላይ ሳሉ የተገደሉት ደም ደም አይደለም ማለትም እንደዚሁ ሐሰት ነው።

እዚህ ላይ የካህናትን ነገር ማለፍ አንወድም። የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን በ1857 ዓ.ም. ስለ አንዳንዶች ድካም ብላ ምእመናን በቀለም ተለይተው እንዲቈርቡ ፈቀደች፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ሊቃውንቷ ለአፓርታይድ ከመጽሐፍ ቅዱስ ማስረጃ ይፈልጉለት ነበር። ክፋቱ ከቅዳሴው ማዕድ እንደ ጀመረ አስተውሉ። በአንጻሩ የጆሃንስበርግ የአንግሊካን ጳጳስ አምብሮዝ ሪቭስ የሻርፕቪልን ቍስለኞች ምስክርነት አሰባስበው ለዓለም ስላሰሙ በ1960 ዓ.ም. ከአገር ተባረሩ።

ዮሴፍ ዐፅሙን ከግብፅ እንዲያወጡለት ወንድሞቹን አምሏቸው ነበር፤ ሙሴም ሕዝቡ ሁሉ ለጕዞ ሲጣደፍ ያን ዐፅም ይዞ ወጣ። በሴፕቴምበር 2024 ዓ.ም. በስደት የሞቱ የ42 ታጋዮች ዐፅም ከዚምባብዌና ከዛምቢያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተመልሶ ለዘመዶቻቸው ተሰጠ። በፕሪቶሪያ ወኅኒ የተሰቀሉትን ሰዎች አስከሬን ደግሞ መንግሥቱ ለቤተ ሰብ አይሰጥም ነበር፤ ምልክት በሌለው የድኾች መቃብር ይቀበሩ ነበርና፥ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ዐፅማቸው እየተፈለገ፥ እየተለየ፥ ስሙ እየተጠራ ለልጆቻቸው እየተሰጠ ነው።